የቁራኛ ቋጠሮ

በቀድሞው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ይህም ቁራኛ ይባላል። ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ ዓባይ በረሓ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው፥ እንዲህ ተቋጥሮ መሄድ ምን ያህል እንደሚያደክም ይረዳዋል። ድካሙ ግን ለሁለቱም እኩል ነበረ። ከሳሽ ባለጋራውን ሲጎትት ራሱም ይጎተታል፤ ተከሳሽ በፀሐይ ሲጠወልግ ከሳሽ በጥላ አይቀመጥም። ስለዚህ ሰውን በከንቱ ለመክሰስ የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ የራሱን ጉልበት ይመዝን ነበር። ጥንቱ ሁሉ መልካም ነበረ ማለት ግን አይደለም፤ በዚያው ዘመን እጅ መቍረጥም ነበረና።

ዛሬ በወንጀል ከሳሹ መንግሥት ነው። መንግሥት ኩታ የለውም፤ ዐቃቤ ሕጉ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ተከሳሹ በወህኒ ያድራል። እንግዲህ ኀይለኛውን ከሳሽ ከደካማው ተከሳሽ ጋር የሚቋጥር ሕገ መንግሥት ብቻ ነው። ሶስናን የከሰሱት ሽማግሌዎች ዳኞችም ነበሩና፥ ዳንኤል ባይነሣ ኖሮ በንጽሕናዋ በሞተች ነበር።

ቋጠሮው ሲፈታ ምን እንደሚሆን አገራችን አይታለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ ኅዳር 14 ቀን 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። በዚያው ወር የወጣው ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፥ ቀድሞ ለተሠራ ሥራ ኋላ የተጻፈ ቅጣት አመጣ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ22ኛው አንቀጽ ይህን ከለከለ፤ በ19ኛውም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ አዘዘ። ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ግን ከ48ቱ ሰዓት አይቈጠርም። ለከተማ ሰው ይህች ትንሽ ቃል ናት፤ ከዓባይ በረሓ ታስሮ ለሚወጣ ገበሬ ግን ከአንቀጹ ሁሉ ይህችው ትከብዳለች፤ መንገዱን አስቀድሞ የሚቈጥረው ያው ያሰረው ነውና።

የቅጣቱም ነገር ከዚህ አይርቅም። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ፥ ዳኛው የጥፋተኛውን ያለፈ ኑሮና ያነሣሣውን ምክንያት እንዲመዝን በ88ኛው አንቀጽ ያዝዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2002 ዓ.ም. ኋላም በ2006 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ወንጀሉን በደረጃ፥ ቅጣቱን በእርከን ከፈለው። ይህ ዳኛን ሒሳብ ቈጣሪ ያደርገዋል ብሎ የሚነቅፍ አለ፤ ነቀፋውም ከንቱ አይደለም፤ በራብ በግ የሰረቀና ለንግድ የሰረቀ በአንድ ሚዛን አይገቡምና። ነገር ግን ያለ እርከን የሚሰጥ ምሕረት ለዘመድ ይበዛል፥ ለመጻተኛ ያንሳል። ደግሞም ዳኛው ከመመሪያው ሲወጣ ምክንያቱን ይጽፋል። ይግባኝ የሚል ሰው የሚይዘው ይህንኑ ጽሑፍ ነው፤ ማንበብ የማይችል ገበሬ ከሆነም የሚያነብለት ሊፈለግለት ይገባል።