የዮቶር ምክርና የሥራ ባልደረባ

በቅዱስ መጽሐፍ ስለ ተግሣጽ የተጻፈው ብዙ ነው። ዛሬ የምንመለከተው ግን ስለ ሥራ የተሰጠ አንድ ምክር ነው፤ እርሱም በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18 ይገኛል።

ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ይፈርድ ነበር፤ ሕዝቡም ቆሞ ይጠብቃል። አማቱ ዮቶር ይህን አየ። ልብ እንበል፤ ዮቶር ነቀፋውን ገና ሲገባ አላመጣም። መጀመሪያ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ እግዚአብሔር ያደረገውን ሰምቶ ደስ አለው፤ ማዕድም ቀረበ። ሥራውን በዓይኑ ያየው በማግሥቱ ነው። ያን ጊዜም በጥያቄ ጀመረ። መልሱን ከሰማ በኋላ አሠራሩ መልካም እንዳልሆነ፣ ሙሴም ሕዝቡም እንደሚዝሉ ነገረው። የነቀፈው አሠራሩን እንጂ ሰውየውን አይደለም። መድኃኒቱንም አብሮ ሰጠ፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የዐሥር አለቆች ይሾሙ፣ ከባዱ ነገር ብቻ ወደ ሙሴ ይምጣ አለ።

ይልቁንም የሚያስደንቀን የተቀባዩ ነገር ነው። ዮቶር የምድያም ካህን እንጂ ከእስራኤል ወገን አልነበረም። ሙሴ «ትናንት መጥተህ ስለ እኛ ሥራ ምን ታውቃለህ?» ለማለት ይችል ነበር። እርሱ ግን የተባለውን ሁሉ ፈጸመ። ዮቶርም ምክሬ ተሠራበት ብሎ ሹመት ሳይጠይቅ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ይህን ወደ መሥሪያ ቤት እናምጣው። በአንድ ሠራተኛ መዝገብ ላይ ስሕተት ሲገኝ፣ ለባለቤቱ ሳይነገር በሻይ ሰዓት ለሌላው ይነገራል። ይህ ሐሜት ነው፤ መዝገቡም አይቃናበትም። በይሉኝታ ዝም ማለትም ከዚህ አይሻልም። በስብሰባ ፊት ማዋረድስ? በደርግ ዘመን፣ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፣ «ሂስና ግለ ሂስ» ይባል የነበረውን በፍርሃት የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች አሉን። ስሙ ስለ ተበላሸ ግን ነገሩ አይጣልም። ጵርስቅላና አቂላ የአጵሎስን ትምህርት ጉድለት ባዩ ጊዜ ወደ እነርሱ ወስደው አስረዱት እንጂ በምኵራብ መካከል አላሳፈሩትም (የሐዋ. ሥራ 18፥26)። እነርሱ ድንኳን ሰፊዎች፣ እርሱ ንግግር አዋቂ የእስክንድርያ ሰው ነበረ፤ ሆኖም ሰማቸው።

ለአለቃ መናገር እንደሚከብድ እናውቃለን። ዮቶርንም አማትነቱ ረድቶት ይሆናል። አማት ያልሆነ ታናሽ ሠራተኛ ግን ጥያቄውን ይያዝ፤ ብቻውን ሲያገኘው «ጌታዬ፣ ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ይበል። የሚነገረን እኛ በሆንን ጊዜ ደግሞ፣ ከመቆጣታችን በፊት «የትኛው መሥመር ላይ ነው?» ብለን መዝገቡን እንክፈትለት።