ለባልንጀራ የሚጠቅም ሥራ የትኛው ነው?

ሥራ የበደል ቅጣት ብቻ እንደ ሆነ አድርገው የሚያስቡ አሉ። ነገር ግን አዳም ገና ሳይበድል ገነትን የማልማትና የመጠበቅ ተግባር ተሰጥቶት ስለ ነበር፥ ሥራ ከሰው ክብር ጋር አብሮ የተፈጠረ መሆኑን እናስተውላለን። ታዲያ ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት «ለወገኔ ይበልጥ የምጠቅመው የትኛውን ሙያ ብይዝ ነው?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልስለታለን? ይህ ጥያቄ በታላላቅ ከተሞች ብቻ ሳይሆን በምዕራብ ሐረርጌ በገለምሶም የሚነሣ ነውና ልንመረምረው ይገባናል።

አንዳንዶች ከክህነት፥ ከሕክምናና ከማስተማር በቀር ለነፍስ የሚጠቅም ሙያ የለም ይላሉ። ይሁን እንጂ ቀራጮችና ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ ቀርበው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ፥ ከተወሰነው በላይ እንዳይወስዱና ማንንም እንዳይበድሉ አስተማራቸው እንጂ ሥራችሁን ጣሉ አላላቸውም። እንግዲህ ሙያን የሚያስከብረው ስሙ አይደለም።

ሌሎች ደግሞ ከዚህ ተነሥተው፥ ልብ ቅን ከሆነ ሥራ ሁሉ አንድ ነው ይላሉ። ይህም ፍጹም እውነት አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ ቅን ልብ ብቻ ቢኖረውና የሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህል በጎተራ ባያከማች ኖሮ፥ ቅንነቱ የተራበውን ባላጠገበ ነበር። ፍቅር ባልንጀራው ምን እንደ ጐደለው ጠይቆ የሚረዳ ነው።

በገለምሶና በአካባቢዋ ማሽላና ቡና ይበቅላሉ፤ ጫትም በብዛት ይተከላል። ጫት ፈጥኖ ገንዘብ ስለሚያስገኝ፥ ጥቂት መሬት ያለው አባወራ በዚያ እህል ይሸምታል፥ ልጁንም ያስተምራል። እንዲህ ባለው ገበሬ ላይ ከሩቅ ሆኖ መፍረድ አይገባም። ነገር ግን በዚያው ገንዘብ የተማረው ልጅ ከአባቱ ይልቅ ሰፊ ምርጫ አለው፤ የተቀበለው መክሊት የበዛ ነውና የሚጠየቀውም ሒሳብ እንደዚያው የበዛ ነው።

ለዚህ የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ሕይወት መልካም ምሳሌ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 በወሎንኮሚ አካባቢ ከገበሬ ቤት ተወለዱ። እናታቸው ለትምህርት በነበራቸው ጽኑ ፍላጎት የተነሣ፥ ልጅ ሳሉ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው፥ ሳምንቱን ሲማሩ ሰንብተው ዓርብ ይመለሱ ነበር። በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው በአለማያ እርሻ ኮሌጅ ተምረው በ1973 ተመረቁ። ከዚያም በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ ትምህርታቸውን ፈጽመው፥ ወደ ሱዳን ሄዱ፤ በዚያም ድርቅን የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አስገኙ፤ ዘሩም በ1983 ለገበሬዎች ተለቀቀ።

ቀጥሎም ፊታቸውን ወደ አቀንጭራ መለሱ። ይህ ተባይ አረም የማሽላው ሥር የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር እንደ ምልክት ተቀብሎ ይበቅላል፤ ከሥሩም ተጣብቆ ምግቡንና ውሃውን ይመጠምጣል። ደቃቅ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ይቆያል። ፕሮፌሰር ገቢሳና የሥራ ባልደረቦቻቸው ያን ምልክት እጅግ ጥቂት የሚሰጡ የማሽላ ዘሮችን ለይተው አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አዘጋጁ። ስለዚህም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ከዚህ የምንማረው ሁሉም ወጣት የዘር ሊቅ ይሁን ማለትን አይደለም። የተመረጠው ነገር የድሀው እንጀራ የሆነው ማሽላ መሆኑን፥ ሥራውም ሽልማቱ ከመምጣቱ አስቀድሞ ረጅም ዓመታት መውሰዱን እንመልከት። ደግሞም መልካም ዘር ብቻውን ከማሳ አይደርስም። ለገበሬው የሚያስረዳ የእርሻ ሠራተኛ፥ መንገዱን የሚጠርግ፥ በገበያ ሚዛኑን የማያጭበረብር ነጋዴ ያስፈልጋሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል የሊቁ ድካም በጎተራ ተዘግቶ ይቀራል።

እንግዲህ ወጣቱ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ። በአካባቢዬ የጐደለው ምንድር ነው? ያን ለመሙላት የሚያስችል ምን ስጦታ አለኝ? ሰው ሳያየኝና ሳያመሰግነኝ ልጸናበት እችላለሁን? ሦስቱ በተገናኙበት ቦታ ሙያው አለ።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፍየላቸውን ሸጠው ያስተማሩት ወላጆች በእርጅናቸው ተስፋ ያደረጉት እርሱን ነው። ጌታችን ለእግዚአብሔር ሰጥተናል እያሉ ወላጆቻቸውን ከመርዳት የሸሹትን እንደ ነቀፈ እናውቃለን። ለብዙዎች እጠቅማለሁ ብሎ እናቱን የሚረሳ፥ ፍቅርን ከመሠረቷ ያፈርሳል። በመጠነኛ ደመወዝ ቤተ ሰቡን እየረዳ ሥራውን በታማኝነት የሚፈጽምም ከታላላቆቹ አያንስም።

እናንተም የነፍስ አባቶች ሆይ፥ ወጣቱ ለንስሐ በቀረበ ጊዜ ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ እንደምትጠይቁት ሁሉ ስለሚይዘው ሥራም ጠይቁት። ሰው ከዕድሜው አብዛኛውን የሚያሳልፈው በሥራው ላይ ነውና፥ በዚያ ምክር ያጣ ወጣት እረኛ እንዳጣ በግ ነው። ለሁላችንም የባልንጀራችንን ጕድለት የሚያይ ዓይን ይስጠን፤ አሜን።