ወዳጅ ያስለቅሳል፤ እልል ባዩስ?

«ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል» ይላሉ አበው። የሚወድህ ጉድለትህን ፊት ለፊት ነግሮ ያስከፋሃል፤ የሚጠላህ እያሞገሰ ገደል ይሰድሃል። እኔ ይህን ተረት ልፈትነው የወደድኩት አበው ባላሰቡት ቦታ፣ በሆድ ዳንስ ሰዎች መካከል ነው።

ግብፆች ራቅስ ሸርቂ የሚሉትን ይህን ጭፈራ ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የሚማሩት ብዙ ናቸው። ተማሪዎች ችሎታቸውን የሚያሳዩበት ድግስ ሐፍላ ይባላል። ከተመልካቹ አብዛኛው ተራውን የሚጠብቅ ዳንሰኛ ስለሆነ እልልታው እንደ ዕቁብ ይዞራል፤ ዛሬ እልል ካልሽልኝ፣ ነገ እልል እልልሻለሁ። መምህሯም አፏን ትይዛለች። የተከፋች ተማሪ ወደ ሌላ ስቱዲዮ ትሄዳለቻ! እ.ኤ.አ. በ1926 ባዲያ ማሳብኒ ካይሮ ላይ በከፈተችው የጭፈራ ቤት ግን ታዳሚው ከፍሎ የገባ ባዕድ ነበር፤ ካልጣመው ይሉኝታ አይዘውም። ታሂያ ካሪዮካና ሳሚያ ጋማል የወጡት ከዚያ ቤት ነው።

እስቲ አንዲት ልጅ መድረክ ላይ እንያት። የተከፈተላት የፍቅር ሰቆቃ የሚያወርድ የዐረብኛ ዘፈን ነው። ቋንቋውን ስለማታውቀው ጥርሷን ብልጭ አድርጋ ትሽከረከራለች። ዋሽንቱ ብቻውን ቀርቶ ሲያንጎራጉር፣ ዝም ማለት ሲገባት በጣቶቿ ያሰረቻቸውን የናስ ጽናጽሎች ታቃጭላለች። አዳራሹ እልል ይላል። ግጥሙ የሚገባት አንዲት ሴት ጥግ ይዛ ከንፈሯን ትነክሳለች።

እዚህ ላይ የተረቱ ግማሽ ያሸንፋል። «ፈገግታሽን ቀንሺ፣ ዘፋኙ እያለቀሰ ነው» ብትላት ልጅቷ ለአንድ ምሽት ትከፋ ይሆናል፤ ዘፈኑን ግን ዳግመኛ እንደዚያ አትጨፍረውም። ሁለተኛው ግማሽ ግን አይዋጥልኝም። እልል ባዮቹ ጠላቶቿ አይደሉም። በሃምሳ ዓመቷ ሆዷን ገልጣ መድረክ ለወጣች ሴት ጉልበቷን የሚያጸናላት ያው እልልታ ነው። ደግሞስ ያስለቀሰ ሁሉ ወዳጅ ነው እንዴ? «እኔ እውነት ነው የምናገረው» እያለች የተቀናቃኟን ተማሪ በሰው ፊት የምታዋርድ መምህርት አትጠፋም። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው፦ ነገሩ የተነገረው ለብቻ ነው ወይስ በአደባባይ? ተናጋሪዋስ አብራ ቁጭ ብላ ስህተቱን ታርማለች?

ይበልጥ የሚከብደው የዛሩ ጉዳይ ነው። ዛር ከእኛ አገር ወደ ሱዳንና ግብፅ እንደዘለቀ ብዙ አጥኚዎች ይናገራሉ። በሐፍላ መድረክ ግን አዩብ በሚባለው ምት ፀጉር የሚበተንበት ትርኢት ሆኗል፤ ጭብጨባው ጣሪያ ይነቅላል። አያቷ ከዛሯ ጋር ስትሟገት እያየች ያደገች ሴት እዚያ ብትገኝ ምን ትበል? ዝም ብትል ከእልል ባዮቹ አንዷ ሆነች። ብትናገር «ምቀኛ» ትባላለች። እኔ ትናገር ባይ ነኝ፤ ግን ለልጅቷ ሳይሆን ለመምህሯ። ልጅቷማ የተማረችውን ነው ያደረገችው።

ዛርን ለመድረክ የምታስተምሩ፣ ካይሮ ከዘለቃችሁ መካን በተባለው የባህል ማዕከል ሲጫወት የኖረውን መዛህር የተሰኘ ቡድን ፈልጋችሁ ስሙ። እዚያ ዛሩን የሚመሩት ሴቶች ናቸው።