መላኪያውም ሚዛን ላይ ይውጣ

ልጆቼ፣ ዛሬ የማነጋግረው በስልክ የምትነግዱትን ነው። ከደብረ ማርቆስ፣ ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከደምበጫ ሆናችሁ ማሩን፣ ሽሮውን፣ ንጥር ቅቤውን፣ ጋቢውንና ሞሰቡን በቴሌግራምና በፌስቡክ እየለጠፋችሁ አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ላለ ሰው የምትሸጡትን። ሥራችሁን አከብራለሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሱቅ ከፍቼ ያልደረስኩበትን ገዢ እናንተ ከእናታችሁ ደጃፍ ሳትነሱ አግኝታችሁታል። አንድ ሒሳብ ላይ ግን ብዙዎቻችሁ ስትሳሳቱ አያለሁ፤ እሱም የመላኪያና የማሸጊያ ሒሳብ ነው።

በእኛ ጊዜ ማር ጉንዶ በሚባል የሸክላ ዕቃ ይመጣ ነበር። ደኅና ነጋዴ ባዶውን ጉንዶ መጀመሪያ መዝኖ ክብደቱን ለገዢው ይነግራል፤ ማሩ ከተመዘነ በኋላ ያንን ይቀንሳል። ይህን የማያደርገው ሸክላውን በማር ዋጋ ይሸጣል። ማሩ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ሰውየው ሌባ ነው፤ እንዲያውም ገበያው በሙሉ በስሙ ሳይሆን በጉንዶው ይጠራው ነበር። የዛሬው ጉንዶ መላኪያው ነው። ማሩን በእውነተኛ ዋጋ ለጥፎ መላኪያው ላይ ትርፍ የሚደብቅ ልጅ ያንኑ የሸክላ ንግድ ነው የሚነግደው።

እኔም ቀምሼዋለሁ። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ ራዲዮ በ900 ብር ተለጥፋ አየሁና ተስማማሁ፤ ገንዘቡንም በቴሌብር ላክሁ። ብሩ ከገባ በኋላ «ጋሼ፣ ዴሊቨሪው 400 ነው» የሚል መልእክት መጣልኝ። ከፈልኩ። ዕቃው በአውቶቡስ መጣ፣ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ረዳቱን ስጠይቀው ለማድረሻ የተከፈለው 150 ብር ነው። ዕቃዋ የታሸገችው በአንድ ፌስታል ነበር። ራዲዮዋ እስከ ዛሬ ደኅና ትሠራለች፤ ከዚያ ሻጭ ግን ሁለተኛ አልገዛሁም፣ ለጠየቀኝም ሁሉ አትግዙ ብያለሁ። በ250 ብር ስንት ደንበኛ እንደሸጠ ያ ልጅ አያውቅም።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ኢቤይ የሚባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ጨረታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድርጅቱ ኮሚሽኑን የሚቆርጠው ዕቃው ከተሸጠበት ዋጋ ነበር እንጂ ከመላኪያው አልነበረም። ብልጣብልጦቹ ይህን አዩና ጨረታውን በአንድ ሳንቲም እየከፈቱ መላኪያውን ሰቀሉት። ታንጂም ሆሴንና ጆን ሞርጋን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ተመሳሳይ የሙዚቃ ሲዲዎችንና የኤክስቦክስ ጨዋታዎችን ለጨረታ አቀረቡ፤ አንዱን በ4 ዶላር መነሻ ያለ መላኪያ፣ ሌላውን በ1 ሳንቲም መነሻና በ3 ዶላር ከ99 ሳንቲም መላኪያ። ድምሩ እኩል ነው። በሳንቲም የተከፈተው ግን ብዙ ተጫራች ስቦ በጠቅላላው የበለጠ ገንዘብ አስገኘ። ሰው መነሻውን ያያል፣ መላኪያውን ቸል ይላል ማለት ነው። ይህን የምነግራችሁ እንድትጠቀሙበት አይደለም። የገዢያችሁ ዓይን የት ላይ እንደሚደክም አውቃችሁ እዚያው ቦታ ላይ እንድትጠብቁት ነው። ኢቤይ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ገዢዎች የመላኪያውን ዋጋ ለብቻው ነጥብ እንዲሰጡበት አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ከመላኪያውም ኮሚሽን መቁረጥ ጀመረ። ያኔ የሳንቲሙ ብልሃት ትርጉም አጣ።

እናንተም በቴሌግራም ጨረታ የምታወጡ አላችሁ፤ ጥልፍ ቀሚስ ወይም አሮጌ ሞሰብ በ200 ብር መነሻ። እኛ ጨረታን የተማርነው በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ላይ ነው። ለታቦት የተሰጠ ዣንጥላ ወይም ሙክት ሲጫረት ያሸነፈው ሰው የጠራውን ከፍሎ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ከጠራ በኋላ «ለተሸካሚ ጨምር» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ የመላኪያው ዋጋ የመጀመሪያው ሰው ከመጥራቱ በፊት ይጻፍ። ለአዲስ አበባ ይህን ያህል፣ ለባሕር ዳር ይህን ያህል፣ ማርቆስ መጥቶ ለሚወስድ ምንም። ተጫራቹ ኪሱን የሚያውቀው ድምሩን ሲያውቅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ክርክሩ ያለው እዚህ ነውና። መላኪያ ውስጥ መግባት ያለበት ከኪሳችሁ የወጣው ነው፤ ለአውቶቡሱ ወይም ለፖስታ ቤቱ የከፈላችሁት፣ ካርቶኑ፣ ስኮቹ፣ የማሩ ጠርሙስ፣ ዕቃውን ይዛችሁ መናኸሪያ የሄዳችሁበት ባጃጅ። የእህቴ ልጅ ሽሮና በርበሬ ትሸጣለች፤ «አጎቴ፣ የእኔስ ድካም? አሽጌ፣ ተሰልፌ፣ ደውዬ ነው እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ድካም ዋጋ አለው። ግን ድካምሽን ከሽሮው ዋጋ ላይ ጨምሪው አልኳት። እዚያ ላይ ገዢው ያየዋል፣ ከሌላ ሻጭ ጋር ያወዳድረዋል፣ ከወደደ ይገዛል። መላኪያ ብለሽ ስትጽፊ ግን «ይህን ብር እኔ አልወሰድኩትም፣ ያደረሰው ወሰደው» ማለትሽ ነው። ያ ቃል እውነት መሆን አለበት።

ረዳቱ ዛሬ 100፣ ነገ 200 ይላል፣ በዓይኑ ገምቶ እንጂ በሚዛን አያስከፍልም ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ደብተር ያዙ። አንድ ወር ሙሉ ለእያንዳንዱ ዕቃ የከፈላችሁትን ጻፉ፤ ከዚያ መካከለኛውን ወስዳችሁ ቁርጥ ዋጋ አድርጉት። አንዳንድ ቀን ይጎድልባችኋል፣ አንዳንድ ቀን ይተርፋችኋል፤ በወር ውስጥ ይካካሳል። ብዙ ከተረፈ ለደንበኛው ምራቂ አድርጉት፤ ጥቂት ቆሎ፣ አንድ ጭብጥ በሶብላ። እናቶቻችሁ እህል ሰፍረው ሲጨርሱ ምራቂ ሳይጨምሩ እጃቸውን አያነሱም ነበር።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማየው በደል ይህ ነው፤ አንዲት ሴት ሦስት ጠርሙስ ማር ታዝዛለች፣ ሻጩ የሦስት ጠርሙስ መላኪያ ያስከፍላታል፣ ሦስቱም በአንድ ካርቶን በአንድ አውቶቡስ ይሄዳሉ። አንድ ጉዞ አንድ መላኪያ ነው። ክብደት ጨምሮ ረዳቱ ከጨመረ የጨመረውን ብቻ ንገሯት።

ለባሕር ማዶ ሰው ስትልኩ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ዓለም አቀፍ ፈጣን መልእክት አድራሾች በክብደት ብቻ አያስከፍሉም፤ ሳጥኑ የሚይዘውን ቦታም ይቆጥራሉ። የተለመደው ስሌት ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን በሴንቲሜትር አባዝቶ ለ5000 ማካፈል ነው። 50 በ50 በ40 የሆነ ሳጥን ውስጥ የገባ ሞሰብ 3 ኪሎ ቢመዝንም በ20 ኪሎ ይከፈልበታል ማለት ነው። ይህን ሳታሰሉ በ3 ኪሎ ዋጋ ተስማምታችሁ ኋላ «ጨምሪ» ብትሏት ዋሽንግተን ያለች ገዢያችሁ እንዳታለላችኋት ነው የምትቆጥረው፤ ዝም ብላችሁ ብትከፍሉ ደግሞ የወር ትርፋችሁ ይሄዳል። ከመስማማታችሁ በፊት ሜትሩን አውጡ። በደረሰበት አገር የሚጠየቅ ቀረጥ ካለም የተቀባዩ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩ።

ማሸጊያ ላይ ግን አትሰስቱ። መላኪያውን ለማርከስ ብሎ ማርን በውኃ ፕላስቲክ የሚልክም በዳይ ነው። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ደጋ ላይ የረጋ ቅቤ በረሃው ግርጌ ይቀልጣል፣ ያልጠበቀ ክዳንም ያፈስሳል። አያቶቻችን አገልግልን በቆዳ የለበጡት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ መንገድ የሚያደርገውን ያውቁ ነበር። በደካማ ማሸጊያ ምክንያት የፈሰሰ ማር የሻጩ ኪሳራ ነው። ሳታወላውሉ ተኩ።

«ነጻ ዴሊቨሪ» የምትሉትንም እንዳትለምዱት። ነጂው ነዳጅ ይገዛል፣ ነጻ ጉዞ የለም። በዋጋው ውስጥ ከጨመራችሁት «መላኪያውን ጨምሮ» በሉ፤ ሱቃችሁ ድረስ መጥቶ ለሚወስደው የማርቆስ ሰው ደግሞ ያንን ቀንሱለት፤ ያልተጓዘ ዕቃ የጉዞ አይከፍልም። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውንም ተዉት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ነጋዴውም ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ አዝዟል። ዋጋ የሚደበቀው ለሰው ሰው ሊለያይ ሲፈለግ ነው።

ክፉ ዘመንም አለ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ መንገዱም ሲዘጋ ያሳለፋችሁትን አይቻለሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ መላኪያ ይወደዳል፤ መወደዱ ነውር የለውም። ነውሩ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ የጭንቁን ዋጋ ይዞ መቆየት ነው። የተቀበላችሁት ገንዘብ ካለና ዕቃው መሄድ ካልቻለ፣ «ልጠብቅ ወይስ ብርዎን ልመልስ?» ብላችሁ ምርጫውን ለገዢው ስጡት።

የመላኪያን ዋጋ በግልጽ ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም፤ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የአገሪቱን ፖስታ ሲያቋቁሙ ፓሪስ ያሳተሟቸው የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ነበሩ። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች በኋላም ደብዳቤው በዓለም ሁሉ የሄደው በዚያው መንገድ ነው፤ የመላኪያው ዋጋ ቴምብሩ ላይ ታትሞ፣ ላኪውም፣ አድራሹም፣ ተቀባዩም እያዩት። እናንተም ቴምብር ባትለጥፉ ለአውቶቡሱ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ፣ ደረሰኝ ከሌለም የከፈላችሁትን ልክ በወረቀት ጽፋችሁ ካርቶኑ ውስጥ መክተት ትችላላችሁ። የእህቴ ልጅ ይህን ከጀመረች ሁለተኛ ወሯ ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ስትከፍቱ የለጠፋችሁትን ዕቃ አንድ በአንድ ተመልከቱና ከያንዳንዱ ዋጋ ሥር የመላኪያውን ጻፉልኝ። ከዚህ በፊት አብዝታችሁ የተቀበላችሁት ሰው ትዝ ካላችሁም ቁጥሩ ስልካችሁ ውስጥ አለ፤ ትርፉን መልሱለት።