ለቦርጭ ሲሉ መተው

መጠጥን ለእግዚአብሔር ብሎ መተውና ለቦርጭ ብሎ መተው አንድ ነው?

ጠዋት ጂም፣ ማታ ፒያሳ ድራፍት ቤት የሚገኝ ወጣት “ለምን አልቀንስም?” ብሎ ይገረማል። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ አለው፤ ስኳር 4፣ ስብ 9። ሰውነት አልኮልን የሚያስቀምጥበት ጓዳ ስለሌለው ቀድሞ እሱን ያቃጥላል፤ ስቡ ተራ ይጠብቃል። ግማሽ ሊትር ቢራ 200 ካሎሪ ገደማ ነው። ሞቅ ሲለው ደግሞ ጥብስ ያዝዛል።

አሰልጣኙ “ቢራውን አቁም” ሲለው ያቆማል። እኛ ስንመክረው ያልሰማ ወንድማችን! ይህ ቅር ሊለን አይገባም። (እኛስ በኬክና በለስላሳ ስንበረታ ማን ተናገረን?) ግን ምክንያቱ ቦርጭ ከሆነ፣ ቦርጩ ሲጠፋ ምክንያቱም አብሮ ይጠፋል። ዳንኤልና ጓደኞቹ የንጉሡን ወይን ትተው ጥራጥሬና ውሃ መረጡ፤ ከዐሥር ቀን በኋላ ወፍረው ታዩ። ለሚዛን ብለው ቢሆን ኖሮ በዐሥራ አንደኛው ቀን ወደ ወይኑ በተመለሱ ነበር።

ደግሞም ዳንኤል ብቻውን አልነበረም፤ አራት ነበሩ። ይህን አቅልለን ማለፍ የለብንም። ከውቤ በረሃ ዘመን ጀምሮ አራዳ ሰውን ወደ መጠጥ ቤት የሚጠራው በጥማት ብቻ አይደለም፤ በወሬ፣ በሳቅ፣ በ“ና ቁጭ በል” ነው። ቢራውን የተወ ልጅ ጓደኞቹንም አብሮ ይተዋል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ የት ይሂድ? ድራፍት ቤቱ ሳምንቱን ሙሉ ክፍት ነው። የእኛ የወጣቶች ፕሮግራም ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው።