አቀበቱ ምንድን ነው?



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬዋን ማስታወሻ የምጽፍላችሁ ከፃግብጂ ነው። የዋግ ኽምራን ምድር ያየ ሰው ተራራና ሸለቆው ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። እዚህ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሰው ሲታመም ጎረቤት ቃሬዛ ይዞ ይመጣል። አራት ሰው ይሸከማል፤ የቀረው ከኋላ ይከተላል። ትከሻው የዛለ ሲወጣ ያረፈው ይተካል። በሽተኛው ሙስሊም ነው ወይስ ክርስቲያን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዳገቱ ላይ የሁሉም ትንፋሽ አንድ ነው።

በሱረቱል በለድ አላህ (ሱ.ወ) ስለ አቀበት ያነሳል። የሰው ልጅ አቀበቱን እንዳልደፈረ ይነግረንና አቀበቱ ምን እንደሆነ ራሱ ያብራራል፤ ባሪያን ነፃ ማውጣት፣ በረሃብ ቀን የዝምድና የቲምን ወይም አፈር ላይ የወደቀ ሚስኪንን ማብላት ነው። ከዚያም በትዕግሥትና በርኅራኄ አደራ ከሚባባሉት መሆን ነው።

ለእኛ ለዋግ ሰዎች “የረሃብ ቀን” የሚለው ተፍሲር አያስፈልገውም። ድርቅ ሲመጣ የመጨረሻዋን ቁና ማካፈል ምን ያህል ዳገት እንደሆነ እናውቃለን። አላህ አቀበት ያለው ድንጋዩን አይደለም። ነፍስ ጨብጣ የያዘችውን ለሌላው ስትለቅ የምትወጣው ዳገት ነው።

በዚህ ዘመን ከእንጀራም የጠነከረ መካፈል መጥቷል። እሱም ከገዛ አካል መካፈል ነው።

በ2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ መጋቢት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በዋለው የዓለም የኩላሊት ቀን፣ አንድ አንድ ኩላሊታቸውን ለሌላ ሰው የሰጡ ሰዎች ቡድን 5,895 ሜትር ከፍታ ባለው ኪሊማንጃሮ ላይ ወጥቶ ነበር። መልእክታቸው ግልጽ ነበር፦ ሰጥተናል፣ አልሞትንም፣ ይኸው ተራራ እንወጣለን። ሰው እንዲሰማ ከፍ ያለ ቦታ መውጣት ለእኛም አዲስ አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በይፋ እንዲጠሩ ሲታዘዙ የሰፋ ኮረብታ ላይ ወጥተው ነው ቁረይሾችን ጎሳ በጎሳ የተጣሩት።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ታላቅ ወንድሜ ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። ከሕክምናው ላለመራቅ አዲስ አበባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ያደርጋል። በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ታስሮ ይውላል። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ኩላሊቱን የሚሰጠው ግን በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የመጣው ለእኔ ነው።

“ኢስቲኻራ ልስገድበት” አልኩ። ሰገድኩም። ከዚያ “እህሉ ይሰብሰብ” አልኩ። ቀጥሎ “ሐራም እንዳይሆን” አልኩ። ወንድሜ አንድም ቀን አልወተወተኝም፤ ስደውልለት የሚጠይቀኝ ስለ ልጆቼ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ያቆመኝ ፍርሃት ነው። ዲንን ግን መሸሸጊያ አደረግኩት።

ሐራም ነው ወይ ያልኩትን በቅንነት ስጠይቅ ያገኘሁት ይህ ነው። የሳዑዲ ታላላቅ ዑለሞች ጉባኤ በ1402 ሂጅሪያ፣ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ደግሞ በ1408 ሂጅሪያ (በ1988 እ.ኤ.አ.) ጅዳ ላይ የአካል ልገሳን በቅድመ ሁኔታ ፈቅደዋል። ሰጪው ሕይወቱ አደጋ ላይ መውደቅ የለበትም፤ ፈቃዱ ያለ ግዴታ መሆን አለበት፤ የሰው አካል አይሸጥም፣ አይገዛም። ከሞት በኋላ ለሚሆነው የሟቹ ወይም የወራሾቹ ፈቃድ ያስፈልጋል። አካላችን የአላህ አማና ነው፣ የሟችም ክብር አይነካም ብለው የከለከሉ የተከበሩ ዑለሞችም አሉ። ጭንቀታቸው ከንቱ አይደለም፤ ቅድመ ሁኔታዎቹ የጠበቁትም ለዚህ ነው። ልባችሁ ያላረፈ የምታምኗቸውን ዓሊም ጠይቁ። ነገር ግን ለማወቅ ጠይቁ፤ እንደኔ ጊዜ ለመግዛት አትጠይቁ።

አንድን ነፍስ ያዳነ ሰዎችን ሁሉ እንዳዳነ የሚቆጠር መሆኑን አላህ በሱረቱል ማኢዳ 32ኛው አንቀጽ አስተምሮናል። ይህን አንቀጽ ስንት ጊዜ ለሌላ ሰው እንደቀራሁት አስቤ አፈርኩ።

ስለ ዓይንም አንድ ነገር ልበል። በክልላችን ትራኮማ የስንቱን እናትና አባት ብርሃን እንደወሰደ ቤታችን ይመሰክራል። የልጆቻችንን ፊት ማጠብና የተቀለበሰ ሽፋሽፍትን በጊዜ ማሳከም ከሁሉ ይቀድማል። በልዩ ልዩ ምክንያት የዓይናቸው ብሌን ለጠፋባቸው ግን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ አለ። ሰው ከሞተ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚወሰደው ስስ የሆነው የዓይን ፊተኛ ሽፋን ነው፤ የሟቹ ፊት አይበላሽም፤ ጀናዛውም በክብር ይሸኛል። ንቅለ ተከላው ለሁሉም ዓይን አይሆንም፤ ለሚሆንለት ግን ዳግም የልጁን ፊት ማየት ነው።

በመጨረሻ የወሰንኩት በእናቴ ነው። ማታ እሳት ዳር ተቀምጣ፣ ቀና ሳትል፣ “አንድ ጡት ተካፍላችሁ ነው ያደጋችሁት፤ መካፈል ለእናንተ አዲስ ነው እንዴ?” አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

የፊታችን ማክሰኞ ለምርመራ አዲስ አበባ እገባለሁ። ኩላሊቴ ለወንድሜ ይስማማ አይስማማ ሐኪሞቹ ይነግሩናል፤ ቀደሩ የአላህ ነው። ባይስማማ እንኳ የጠፉትን ወራት አልመልሳቸውም። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ፤ እናንተ እንዳትዘገዩ።

ዛሬ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩ። ፈቃዳችሁን በሕይወት ሳላችሁ ንገሯቸው። በእጥበት ላይ ያለ የምታውቁት ካለ ዘይሩት፤ ለመጓጓዣው ጨምሩለት። ቃሬዛውን ሁላችንም አንሸከመው ይሆናል፤ ትከሻ መተካት ግን ሁላችንም እንችላለን።

ያ አላህ! ለታመሙት ሁሉ ሺፋህን አውርድ። አቀበቱን ከሚወጡት አድርገን። ወንድሜንም በዱዓችሁ አስታውሱት።

ሱረቱል ከህፍን መቅራት፣ በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛት አትርሱ። ጁምዓ ሙባረክ!