መርዳትና መረዳት

ሰው የሚወደው ወገኑ ወደ ጥፋት ሲሄድ በዓይኑ እያየ፤ እጁን ቢዘረጋለት አልይዝም ሲለው፤ ምን ማድረግ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። አባት ስለ ልጁ፤ ወንድም ስለ ወንድሙ፤ የንስሐ አባትም ስለ ንስሐ ልጁ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ የሚያስበው ነገር ነው። ዛሬ ግን ይህነን ጥያቄ የምንመረምረው በፈላስፎች ድርሳን አይደለም፤ ዓሣ ስለ ማጥመድ በተጻፉ ድርሰቶች ነው እንጂ። አንባቢው በዚህ አይደነቅ፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገለጻል።

በእንግሊዝና በአሜሪካ አገር በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የማጥመድ ልማድ አለ። ዝንቡ ከወፍ ላባና ከእንስሳ ጠጕር ተሠርቶ በትንሽ መንጠቆ ላይ በክር የሚታሰር ነው፤ ክብደት የለውምና ራሱን ወርውሮ ሩቅ ማድረስ አይቻልም። ስለዚህ አጥማጁ የሚወረውረው ከባዱን ክር ነው፤ ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት በልክ ሲያወዛውዘው ክሩ በአየር ላይ ይዘረጋል፤ ዝንቡም ተከትሎ በውሃው ላይ በቀስታ ያርፋል። በዚህ ዘዴ ከሚጠመዱት ዓሦች ዋነኛው ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ ነው፤ እርሱም ከውጭ አገር መጥቶ በእኛ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ይገኛል። ለዚህ ሥራ ጕልበት ብቻ አይበቃም፤ ልክ ማወቅና መታገሥ ያስፈልጋል።

ስለዚህም ሥራ ብዙ ደራስያን ጽፈዋል (ዓመቶቹን ሁሉ የምናመለክተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። እንግሊዛዊው ኢዛክ ዋልተን «ፍጹም ዓሣ አጥማጅ» የተባለውን መጽሐፉን በ1653 ሲያሳትም አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ቈስላ ነበር፤ ንጉሡ ቀዳማዊ ቻርልስም በ1649 ተሰይፎ ነበር። ዋልተን የንጉሡ ወገን ሲሆን በመጽሐፉ ቂምንና ጠብን ትቶ ስለ ወንዝ ዳር ጸጥታ ተናገረ። በዝንብ ስለ ማጥመድ ያለውን ሰፊ ክፍል ወዳጁ ቻርልስ ኮተን በ1676 ጨመረበት። አይርላንዳዊው ባለ ቅኔ ዊልያም በትለር ዬትስም በዘመኑ ሰዎች ቢያዝን፤ በማለዳ ወደ ተራራ ወጥቶ ዝንቡን የሚወረውር አንድ ብልህ ሰው በግጥሙ ፈጠረ፤ ያ ሰው ግን በሐሳብ እንጂ በእውነት የሌለ ነው። አሜሪካዊው ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1918 በኢጣልያ ጦር ግንባር ቈስሎ ነበርና፤ በ1925 ባሳተመው ታሪክ ከጦርነት የተመለሰ ጐልማሳ በተቃጠለ አገር አልፎ ብቻውን በወንዝ ዳር ሲሰፍር ያሳያል። ይህ ጐልማሳ የሚያጠምደው በሰው ሠራሽ ዝንብ ሳይሆን በፌንጣ ነው፤ ስለ ጦርነቱም አንዳች አያነሣም፤ አንባቢው ግን ቍስሉን ያውቅበታል።

እነዚህ ሦስቱ ወንዙን ከዓለም ሁከት ማረፊያ አድርገውታል። አራተኛው ደራሲ ግን ኀዘኑን ይዞ ወደ ወንዙ ገባ። ይህም ኖርማን ማክሊን ነው። በ1902 ተወልዶ በ1990 የሞተ፤ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ነበረ። «ወንዝ በመካከሉ ይፈሳል» የተባለውን ታሪክ ያሳተመው በ1976፤ ዕድሜው ሰባ ሦስት ዓመት ሲሆን ነው። አባቱ በሞንታና፤ ሚዙላ በተባለች ከተማ የፕሬስቢቴርያን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። በታሪኩ እንደ ተጻፈው ለሁለቱ ልጆቻቸው ሃይማኖትንና ዓሣ ማጥመድን አንድ ላይ አስተማሩአቸው። የዘንጉንም አወራወር ሜትሮኖም በሚባል የዜማ ምት መቍጠሪያ እስከ አራት እያስቈጠሩ አስለመዱአቸው፤ የእኛ ሊቃውንት መቋሚያን ከዜማው ጋራ በልክ እንደሚያስኬዱት ያለ ነው።

ታናሹ ልጅ ጳውሎስ ከአባቱም ከወንድሙም በለጠ። በወንዝ ውስጥ ሲቆም የሚያየው ሁሉ ይደነቅ ነበር። ከወንዙ ሲወጣ ግን ሰካራምና ቍማርተኛ ነበረ፤ ዕዳ ይገባ ነበር፤ በጠብም ይታሰር ነበር። ታላቁ ወንድም ይህነን ያውቃል፤ ለመርዳትም ይፈልጋል፤ ሊናገረው ሲጀምር ግን ጳውሎስ ነገሩን ወደ ሌላ ይመልሰዋል፤ ታላቁም ወንድሙን እንዳያዋርደው ፈርቶ ይተወዋል። በመጨረሻ አባትና ሁለቱ ልጆች ብላክፉት በተባለው ወንዝ አብረው ይውላሉ። ሽማግሌው በዳር ተቀምጠው የዮሐንስን ወንጌል በግሪክ ቋንቋ ያነባሉ፤ ጳውሎስም ከኀይለኛ ውሃ ጋራ ታግሎ ትልቅ ዓሣ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቈየም፤ ተደብድቦ ተገደለ። ታሪኩ ልብ ወለድ ቢሆንም ከእውነት የተቀዳ ነው፤ የደራሲው ወንድም ጳውሎስ ማክሊን በ1938 በቺካጎ ከተማ ተገድሏል። በመጽሐፉ ውስጥ አባት የልጃቸው የእጁ አጥንት እንደ ተሰበረ ሲሰሙ የትኛው እጁ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። ቀኝ እጁ ነበረ፤ ዘንግ የሚይዝበት።

እንግዲህ ታላቁ ወንድም በደለኛ ነውን? ሰው የወንድሙ ጠባቂ መሆኑን ከቃየል ታሪክ ተምረናል። ጠባቂ መሆን ግን ጌታ መሆን አይደለም። አባትየው በታሪኩ ውስጥ ስለ መርዳት ያስተማሩት ትምህርት እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ መርዳት ማለት ከራስ ከፍሎ መስጠት ነው ይላሉ። የምንሰጠው ከየትኛው ክፍላችን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አናውቅም፤ ብናውቅም እንሳሳለን፤ ባንሳሳም ተቀባዩ አይፈልገውም። አገራችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ትላለች፤ ረዳትም እስከ ጦሩ ሜዳ ያደርሳል እንጂ የወንድሙን ጦርነት አይዋጋለትም።

በአማርኛ «ተረዳ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል፤ ርዳታ አገኘ ማለት ነው፤ ደግሞም አወቀ፤ አስተዋለ ማለት ነው። የዚህ ታሪክ ኀዘን በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ይገባል። ጳውሎስ አልተረዳም፤ ወንድሙም አልተረዳውም። ሁለቱም መንገድ በተዘጋ ጊዜ የቀረው መውደድ ብቻ ነበረ፤ አባትና ልጅም ፈጽመው ያላወቁትን ሰው ፈጽመው መውደድ እንደሚቻል አወቁ።

ምናልባት «ውጤት የሌለው ፍቅር ምን ይረባል? ወንድሙ ሞቶ የለምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ የምንመልሰው ከራሱ ከሥራው ነው። ዓሣ በማታለል ይያዛል፤ ዝንቡ የላባ ሐሰት ነውና። ብልሃቱን ጠንቅቆ የተማረ ሰው ዓሣውን ባይይዝ አላወቀበትም ይባላል። ወንድም ግን በማታለልም በማስገደድም አይያዝም፤ በግድ የተያዘ ሰው ታስሯል እንጂ አልዳነምና። ስለዚህ የአጥማጅ ሥራ በተያዘው ዓሣ ሲመዘን፤ የወንድም ሥራ የሚመዘነው በዘረጋው እጅ ነው።

በዚህ ግን ታላቁን ወንድም ፈጽመን ነፃ አናወጣውም። ፍርሃትን እንደ አክብሮት ቈጥሮ ዝም ያለበት ጊዜ ነበረ፤ መጽሐፉም አይሰውረውም። ወንድሙ እንቢ ማለቱ አንድ ነገር ነው፤ እርሱ ሳይናገር መቅረቱ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ማንም አይከሰስበትም፤ ሁለተኛው ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት በልብ ተቀምጦ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ማክሊን መምህር ነበርና ስለ ሌሎች ሰዎች መጻሕፍት ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር ኖረ፤ ስለ ወንድሙ ሊናገር የቻለው ግን ወላጆቹና ወንድሙ ከሞቱ፤ እርሱም ከሸመገለ በኋላ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ በቤትህ እንደ ጳውሎስ ያለ ሰው ቢኖር፤ የሚበጀውን ቃል ሳታዋርደው ንገረው፤ ባይቀበልህም ደግመህ ንገረው። አብሮህ የሚሠራውን መልካም ሥራ፤ ዓሣ ማጥመድም ቢሆን ሌላም ቢሆን፤ አትተውበት፤ ማክሊን ከወንድሙ ጋራ በሰላም የተገናኘው በወንዙ ውስጥ ነበርና። ከዚህም በኋላ ባይድን፤ ያልቻልኸውን እንደ በደል በራስህ ላይ አትጫን፤ ስለ እርሱም ክፉውን ብቻ እያነሣህ አትናገር። አባትየው ልጃቸው ከሞተ በኋላ ደጋግመው ሲጠይቁ፤ ልጃቸው ግሩም ዓሣ አጥማጅ እንደ ነበረ ታላቁ ልጅ መለሰላቸው፤ እርሳቸውም ልጃቸው ውብ እንደ ነበረ ተናገሩ። ስለ ስካሩም ስለ ዕዳውም ሁለቱ ያውቁ ነበር።